ይፍቱኝ ካሉ በኋላ የሚቀረው ዕዳ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ዐቢይ ጾም ሲገባ ለዚህ ዓምድ የሚደርሱት ደብዳቤዎች መልካቸው ይለወጣል። በሌላው ጊዜ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ስእለት፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ ይጠይቁ የነበሩ አንባቢዎች በእነዚህ ሳምንታት ንስሐን ያነሣሉ፤ ብዙዎቹም ደብዳቤያቸውን የሚጀምሩት «እባክዎ ስሜን አያውጡት» ብለው ነው። ስም አላወጣም። ከደረሱኝ መካከል አምስቱን መርጬ፣ ረዘም ያሉትን አሳጥሬ እንደሚከተለው መልስ ሰጥቼባቸዋለሁ።

«ዕድሜዬ 58 ነው። አባታችን ካረፉ በኋላ ቤታቸውን በ1996 ዓ.ም. የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ የበኩር ልጅ በመሆኔ ውክልናው በእጄ ነበር። ቤቱ የተሸጠው በ140,000 ብር ሲሆን ለታናሽ እኅቴ ግን ‹90,000 ብር አወጣ› ብዬ 45,000 ሰጠኋት። እኅቴ ኮምቦልቻ ውስጥ በልብስ ስፌት ሦስት ልጆች አሳድጋለች። ከሦስት ዓመት በፊት ለንስሐ አባቴ ‹የሰው ገንዘብ በልቻለሁ› ብዬ ተናዘዝኩ። ጾምና ስግደት አዘዙኝ፤ ለነዳያን እንድመጸውትም ነገሩኝ። የታዘዝኩትን ሁሉ ፈጽሜ ‹እግዚአብሔር ይፍታህ› ተብዬ ቆረብኩ። ሆኖም እኅቴ ደውላ ‹ጋሼ፣ ደኅና ነህ ወይ?› ባለችኝ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል። ልንገራት ስል ባለቤቴ ‹በአባት የተፈታውን ነገር ምን ይቆሰቁስሃል? እኅትህን ልታጣ ነው?› ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?» ከደሴ

ወንድማችን፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አንብቤ ዓይኔ ያረፈው በአንዲት ቃል ላይ ነው። ለንስሐ አባትዎ የነገሯቸው «የእኅቴን ገንዘብ» ብለው ሳይሆን «የሰው ገንዘብ» ብለው ነው። ለእኔ ሲጽፉ ዓመተ ምሕረቱን፣ የቤቱን ዋጋ፣ ለእኅትዎ የሰጧትን ብር፣ የምትኖርበትን ከተማና የልጆቿን ቁጥር ሳይቀር ዘርዝረዋል፤ በመስቀሉ ፊት ግን ይህ ሁሉ «የሰው» በምትል ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ አልፏል። «የሰው ገንዘብ» የሚል ኑዛዜ የሰማ ካህን ባለቤቱ የማይታወቅ ወይም የሞተ ሊመስለው ይችላል፤ ገንዘቡን የሚመልሱለት ሰው ሲታጣ ደግሞ ለነዳያን መመጽወት ትክክለኛው ትእዛዝ ነው። ስለዚህ የንስሐ አባትዎ ያዘዙልዎት መድኃኒት የተሳሳተ አልነበረም፤ የነገሯቸው ሕመም ግን ሙሉ አልነበረም።

በልጅነቴ ድቁና ስማር አንድ የገጠር ቄስ በደብሩ ቅጽር ውስጥ ካለች ወይራ ሥር ተቀምጠው የንስሐ ልጆቻቸውን ሲቀበሉ ከሩቅ አይ ነበር። ተናዛዡ ነጠላውን እስከ ግንባሩ ስቦ ይንበረከካል፤ የሚለው አይሰማም፤ ከቆይታ በኋላ ጨርሻለሁ ብሎ መስቀል ለመሳለም ቀና ሲል ግን የእርሳቸው ድምፅ ይሰማ ነበር። «ሌላስ፣ ልጄ?» ይላሉ። ሰውየው መልሶ ጎንበስ ይላል። እንደገና ቀና ሲል እንደገና «ሌላስ?» ይሉታል። ካደግሁ በኋላ ለምን ሦስት ጊዜ እንደሚጠይቁ ብጠይቃቸው፣ «ሰው አስቀድሞ የሚናገረው አዘጋጅቶት የመጣውን ነው፤ የመጣበት ጉዳይ የሚወጣው በሦስተኛው ነው» አሉኝ። ለእርስዎ ያልደረሰዎት ያ ሦስተኛው «ሌላስ» ይመስለኛል። በሁዳዴ ሰልፉ ይበዛል፤ ካህናቱም ይደክማሉ፤ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንምጣ። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ሥርዓት ግልጽ ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 በባልንጀራው ላይ የበደለ ሰው ኃጢአቱን እንዲናዘዝ፣ የወሰደውን እንዲመልስና አምስተኛ እጅ ጨምሮ ለበደለው ሰው እንዲሰጥ ታዟል፤ ገንዘቡ ወደ ካህኑ እንዲሄድ የተፈቀደው ተበዳዩም የሚቀበልለት የቅርብ ዘመድም ሳይኖር ሲቀር ብቻ ነው። እኅትዎ ደግሞ በሕይወት አለች፤ ኮምቦልቻም ከደሴ ሩቅ አይደለም። ጌታ በተራራው ስብከት ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ብሎ ያዘዘውም (ማቴዎስ 5፥23–24) ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። ዘኬዎስ የተባለው ቀራጭም ጌታን በቤቱ ሲቀበል ካለው እኩሌታውን ለድሆች እንደሚሰጥ ከተናገረ በኋላ በዚያ አልቆመም፤ በሐሰት የከሰስሁት ሰው ቢኖር አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ (ሉቃስ 19፥8)። ለድሆች የሚሰጠውና ለተበደለው የሚመለሰው ለየብቻ መቆጠራቸውን ልብ ይበሉ። እርስዎ የመጀመሪያውን ፈጽመዋል፤ ሁለተኛው ቀርቷል። ከዚህም በላይ፣ ቃሉ ከከበደዎት ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የመጸወቱት ገንዘብ ከፊሉ የእኅትዎ ነበር።

ባለቤትዎ «በአባት የተፈታ» ያሉት ከፍቅር የመጣ ንግግር ነው፤ አልንቀውም። ፍትሐት ግን ሰውየውን ከኃጢአት እስራት ይፈታዋል እንጂ የሌላ ሰው የሆነውን ገንዘብ የእርሱ አያደርገውም። ቀኖናም ዕዳ የተከፈለበት ደረሰኝ ሳይሆን ነፍስ የምትታከምበት መድኃኒት ነው። እኅትዎ «ጋሼ» ስትልዎት ሆድዎን የሚያላውሰው ነገር ያልተማመኑበት ይቅርታ ሳይሆን ያልተመለሰ ዕዳ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ «እምነቴ ደካማ ነው» እያሉ ራስን መገሠጽ ዕድሜ ልክ ሊያደክም ይችላል።

ሒሳቡን እንመልከተው። የእኅትዎ ድርሻ 70,000 ብር ነበር፤ 45,000 ሰጧት፤ 25,000 ጎደለ። በኦሪቱ ሥርዓት አምስተኛ እጅ ሲጨመርበት 30,000 ይሆናል። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የነበረው 25,000 ብር ዛሬ ካለው 25,000 ብር ጋር ስም እንጂ ዋጋ አይጋራም፤ ያን ጊዜ የልብስ ስፌት መኪና ከነጠረጴዛው ገዝቶ ሱቅ ያስከፍት የነበረ ገንዘብ ዛሬ የጥቂት ወራት ኪራይ ነው። ስለዚህ በቁጥሩ ልክ መልሶ «ጨረስኩ» ማለት ሁለተኛ ጊዜ እንደማሳጣት ይቆጠራል። ምን ያህል እንደሚበቃ በራስዎ አይወስኑ፤ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሽማግሌ ባለበት ከእርስዋ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ። አቅም ከሌለዎት በየወሩ የሚከፈል ይሁን። «የበደለ ይክሳል» የሚለው የሽምግልናችን ቃል ከካሳ በፊት ይቅርታን ያላስቀደመው ያለ ምክንያት አይደለም።

አነጋገሩን በተመለከተ፣ አስቀድመው ወደ ንስሐ አባትዎ ተመልሰው ለእኔ የጻፉትን በሙሉ፣ ከነቁጥሩ ይንገሯቸው። ከዚያ ወደ ኮምቦልቻ ይሂዱ፤ በስልክ አይሁን፤ በበዓል ቀን፣ ልጆቿ በተሰበሰቡበት፣ ዶሮ ወጥ በቀረበበት ማዕድ ላይም አይሁን። ሲጀምሩ «ያን ጊዜ ችግር ነበረብኝ» ብለው አይጀምሩ፤ ችግሩ እውነት ቢሆንም እንኳ እርስዋ ከጠየቀችዎት በኋላ ይነገር። የዋሹትን ቁጥርና እውነተኛውን ቁጥር ይንገሯት፤ ያመጡትን ገንዘብ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ዝም ይበሉ። ልትቆጣ ትችላለች፤ ልታለቅስ ትችላለች፤ ለወራት ላትደውል ትችላለች። ይህ ሁሉ መብቷ ነው። እግሯ ላይ ወድቀው ያኔውኑ «ይቅር በይኝ፣ አሁን በይኝ» ብለው አያስጨንቋት፤ እርስዎ ለመናገር ከ20 ዓመት በላይ ወስዶብዎታል፤ እርስዋም ለመስማት ጊዜ ያስፈልጋታል።

በዚሁ አጋጣሚ ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ላክል። ይህ ማለት ግን ለንስሐ አባት የተነገረ ኃጢአት ሁሉ ለሚመለከተው ሰው መነገር አለበት ማለት አይደለም። ስለ ጎረቤትዎ በልብዎ ያሰቡትን ክፉ ሐሳብ ሄደው ቢነግሩት ሸክምዎን አውርደው በእርሱ ጫንቃ ላይ ከመጫን በቀር የሚመለስ ነገር የለም። የሚመለስ ነገር ሲኖር፣ ማለትም ገንዘብ፣ የጠፋ ስም ወይም የተካደ ውል ሲኖር ግን ባለቤቱ ዘንድ መሄድ ግድ ነው። በሁለቱ መካከል ላለው ነገር፣ በተለይ በባልና ሚስት መካከል ለተፈጸመ በደል፣ ከንስሐ አባት ጋር ሳይማከሩ አፍን መክፈት አይገባም።

«የአጎቴ ልጅ ጴንጤ ነው። ‹ኃጢአትን ይቅር የሚለው እግዚአብሔር ብቻ ከሆነ ለምን እንዳንተው ላለ ሰው ትናገራለህ?› ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።» ከአዲስ አበባ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

የአጎትህ ልጅ ከተናገረው ውስጥ ግማሹ የአንተም እምነት ነው፤ ስለዚህ ክርክሩን ከዚያ ብትጀምር ይሻልሃል። ካህኑ መስቀሉን ሲያሳልምህ የሚለውን ቃል አድምጥ፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላል እንጂ «ፈታሁህ» አይልም። ቃሉ ራሱ ጸሎት ነው፤ ፈቺው ማን እንደሆነም በቃሉ ውስጥ ተነግሯል። ታዲያ ካህኑ በዚያ ለምን ቆመ ብትል፣ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በደቀ መዛሙርቱ ላይ እፍ ብሎ «መንፈስ ቅዱስን ተቀበሉ። ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል፤ የያዛችሁባቸው ተይዞባቸዋል» ስላለ ነው (ዮሐንስ 20፥22–23)። ይቅር የሚሉትንና የሚይዙትን ለይተው ያውቁ ዘንድ ኃጢአቱን መስማት ነበረባቸው። ዳዊትም ቢሆን «ተሣሃለኒ እግዚኦ» ብሎ መዝሙር 50ን የጸለየው ነቢዩ ናታን ከፊቱ ቆሞ በደሉን ከነገረውና እርሱም «እግዚአብሔርን በደልሁ» ብሎ ከመለሰለት በኋላ ነው።

ታሪኩ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቀጥ ያለ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዘመናት ከባድ ኃጢአት የሠራ ሰው ንስሐ ይገባ የነበረው በጉባኤ ፊት ነበር። በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት በስደት ዘመን ሳይገደዱ የካዱ ክርስቲያኖች ሦስት ዓመት ትምህርቱን ብቻ ሰምተው ከሚወጡት ጋር፣ ሰባት ዓመት ከሚሰግዱት ንስሐ ገቢዎች ጋር፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ሳይቆርቡ ከምእመናን ጋር በጸሎት እንዲቆዩ ወስነዋል፤ በድምሩ 12 ዓመት ማለት ነው። አሁን የ40 ቀን ቀኖና ከበደን ለምንል ሰዎች ይህ ጥሩ ማስታወሻ ይሆናል። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ በግብፅ ብዙዎች በሚጤስ ዕጣን ፊት ቆመው ለእግዚአብሔር ብቻ መናዘዝን ለምደው ነበር፤ ማርቆስ ኢብን ቁንበር የተባለው ቄስ ለካህን መናዘዝ ግድ ነው ብሎ ሲያስተምር ከፓትርያርኩ ጋር ተጋጭቶ ተወገዘ፤ ዛሬ ግን የግብፅ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ለካህን መናዘዝን ነው። የአጎትህን ልጅ ደግሞ የሚያስገርመው ሌላ ነገር አለ። ሉተራውያን በ1530 እ.ኤ.አ. ባወጡት የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ በአሥራ አንደኛው አንቀጽ በግል የሚሰጥ ፍትሐት በአብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ሊቀር አይገባውም ብለዋል፤ የተቃወሙት ኃጢአትን ሁሉ አንድ በአንድ የመቁጠርን ግዴታ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ግን የቃሉ ትርጉም ነው። በግእዝ «ናዘዘ» ማለት «አጽናና» ማለት ነው፤ «ናዛዚ» የሚባለውም አጽናኙ ነው። በአማርኛችን ኑዛዜ በአንድ በኩል ኃጢአትን መናገር፣ በሌላ በኩል ደግሞ የሟች የውርስ ቃል ሆኖ ማጽናናቱ ተረስቷል። ብቻህን በክፍልህ ተንበርክከህ «በድያለሁ» ማለት መልካም ነው፤ ከመናዘዝህ በፊትም መቅደም ያለበት እርሱ ነው። ነገር ግን ብቻውን የሚናገር ሰው ራሱን ወይ ያለ ልክ ይፈርዳል፣ ወይ ያለ ልክ ይምራል። የሚሰማው ሰው ሲኖር፣ ያ ሰውም ሰምቶ ሳይሸሽ ሲቀር፣ ያኔ መጽናናት ይጀምራል።

«በስቅለት ዕለት ካህኑ በወይራ ጠብጥበውኝ ያዘዙኝን ከሰገድኩ ሌላ ንስሐ ያስፈልገኛል?» ከጎንደር

ያስፈልግዎታል። የስቅለት ጥብጠባ የዕለቱ ሥርዓት ነው፤ ካህኑ ሕዝቡን በሰልፍ እየጠበጠቡ ሲያሳልፉ የእርስዎን ታሪክ ለመስማት ጊዜም ቦታም የላቸውም። በዓመት አንድ ቀን በወይራ ተመቶ ዓመቱን ሙሉ ተረጋግቶ መቀመጥ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም። የንስሐ አባት ከሌለዎት በሰበካዎ ጠይቀው ይያዙ።

«ሪያድ በሰው ቤት እሠራለሁ፤ ዕድሜዬ 26 ነው። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። በልቤ የያዝኩት ነገር አለ፤ ሳልናዘዝ ብሞትስ እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። አገር ቤት ላለው የንስሐ አባቴ በስልክ ብናገር ይቆጠርልኛል? ደግሞ በቲክቶክ የማያቸው አንድ መነኩሴ ‹የንስሐ ልጄ ሁኚ፣ አስቀድመሽ 500 ሪያል ላኪ› ብለውኛል።»

እኅቴ፣ ከሁለተኛው ልጀምር፤ ገንዘቡን እንዳትልኪ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ሲሞን የተባለው ጠንቋይ የመንፈስ ቅዱስን ጸጋ በብር ሊገዛ ሲል ጴጥሮስ እንዴት አድርጎ እንደገሠጸው አንብቢ። ምእመናን ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በፈቃዳቸው መስጠታቸው የቆየ ነው፤ «አስቀድመሽ ላኪ» የሚል ግን ነጋዴ ነው። ሌላም ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ቆብ የደፋ ሁሉ ሊያናዝዝ አይችልም፤ ሥልጣኑ የቅስና እንጂ የምንኵስና አይደለም። ቅስና የሌለው መነኩሴ ሊመክርሽና ሊጸልይልሽ ይችላል፤ ሊፈታሽ ግን አይችልም፤ ዲያቆንም እንዲሁ።

ስለ ስልኩ የምልሽ፣ በስደት ካሉ ልጆቻቸው ጋር በስልክ የሚነጋገሩ፣ ኑዛዜያቸውን ሰምተው ምክርና ቀኖና የሚሰጡ ካህናት ዛሬ ብዙ ናቸው። በእኔ አስተያየት ይህ ለተቸገረ ሰው የተገኘ መልካም በር ነው፤ በአካል ቀርቦ መስቀል መሳለምንና ቁርባን መቀበልን ግን አይተካም፤ አገር ቤት ስትገቢ በመጀመሪያው ሳምንት ልትፈጽሚው የሚገባሽ ነው። የመጨረሻው ውሳኔ የንስሐ አባትሽ ስለሆነ አስቀድመሽ «በስልክ ይቀበሉኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። አንድ ነገር ግን አደራ፤ በድምፅ ቀድተሽ ወይም በቴሌግራም ጽፈሽ አትላኪ። የንስሐ ምሥጢር በካህኑ ልብ የሚቀበር ነው፤ በስልክ ውስጥ የተቀመጠ ድምፅ ግን ከማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፤ የአሠሪዎችሽም እጅ ሊሆን ይችላል። በዕረፍት ሰዓትሽ፣ ብቻሽን በሆንሽበት ቦታ ደውይና ተናገሪ።

ሞት ቢቀድመኝስ ያልሽውን ደግሞ፣ ከጌታ ጋር የተሰቀለው ወንበዴ ለሐዋርያ ሳይናዘዝ፣ ሳይጾምና ሳይሰግድ በዚያው ቀን ገነት ገብቷል። የ12 ዓመት ቀኖና የወሰኑት እነዚያው የኒቅያ አባቶች እንኳ በሞት አፋፍ ላለ ሰው ቁርባን እንዳይከለከል አዝዘዋል። ልትናዘዢ ፈልገሽ መንገድ ያጣሽ ሰው ነሽ፤ መንገዱ ሳለ እምቢ ያለ ሰው አይደለሽም፤ በዚህ ሐሳብ እንቅልፍሽን ተኚ።

«ዘጠኝ ዓመት በትዳር ከኖርኩ በኋላ የባለቤቴን ዱላ መቋቋም አቅቶኝ ከሁለት ልጆቼ ጋር ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ባለፈው ወር ሽማግሌዎች ይዘውት መጡ፤ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ወደቀ። ‹ይቅር ለእግዚአብሔር› አልኩ፤ ከልቤም ነው ያልኩት። አሁን ግን ‹ይቅር ካልሽ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ተመለሺ፤ አለበለዚያ ይቅርታሽ የአፍ ነው› ይሉኛል። እኔ ደግሞ በር ሲንኳኳ እንኳ እደነግጣለሁ። ይቅርታዬ ውሸት ነበር ማለት ነው?» ከሐዋሳ

አይደለም። እንዲህ በአጭሩ የምመልስልዎት የጥያቄዎ መልስ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በታሪክ ተጽፎ ስለሚገኝ ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ታሪክ ያውቁታል ብዬ አምናለሁ፤ እስከ መጨረሻው ማንበባቸውን ግን እጠራጠራለሁ።

ንጉሡ ሳኦል ዳዊትን ሊገድል ያሳድደው ነበር። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 24 ዳዊት በዓይንጋዲ ዋሻ ውስጥ ሳኦልን አግኝቶ የልብሱን ዘርፍ ብቻ ቆርጦ ለቀቀው። ሳኦል አለቀሰ፤ «ከእኔ ይልቅ አንተ ጻድቅ ነህ» አለው። ዕንባው እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ሦስት ሺህ ሰው አስከትሎ እንደገና ወጣ። በምዕራፍ 26 ዳዊት ሳኦል ተኝቶ ሳለ ወደ ሰፈሩ ገብቶ ከራስጌው ያለውን ጦርና የውኃ ዕቃ ወሰደ፤ አብሮት የነበረው አቢሳ ልግደለው ሲል ከለከለው። ከዚያም ወደ ማዶ ተሻግሮ በኮረብታ ራስ ላይ ከሩቅ ቆሞ ጠራው። ሳኦልም በድያለሁ አለ፤ ዳዊትን ልጄ ብሎ ጠርቶ ከእንግዲህ ክፉ አላደርግብህምና ተመለስ አለው።

ዳዊት ምን አደረገ? በቀል አልፈለገም፤ አልሰደበውም፤ ጦሩንም አላስቀረበትም። ነገር ግን ጦሩን ይዞ ራሱ ወደ ሳኦል አልሄደም፤ ከብላቴኖችህ አንዱ መጥቶ ይውሰደው አለ። በመካከላቸው ያለውን ርቀትም አልሻረም። ምዕራፉ የሚያበቃው ዳዊት መንገዱን ሲሄድ፣ ሳኦልም ወደ ስፍራው ሲመለስ ነው። በሚቀጥለው ምዕራፍ መጀመሪያም ዳዊት አንድ ቀን በሳኦል እጅ እጠፋለሁ ብሎ ወደ ፍልስጥኤማውያን ምድር ተሻገረ። ይህን ያደረገው ሁለት ጊዜ ይቅር ያለ ሰው ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥም ይቅርታህ የአፍ ነበር ያለው የለም።

ይቅርታ ለበደለው ሰው በልብዎ የያዙበትን ዕዳ መተው ነው፤ እርሱን ፈጽመዋል። አንድ ጣሪያ ሥር መኖር ግን መተማመንን ይጠይቃል፤ መተማመን ደግሞ የሚሠራው ከበዳዩ በኩል ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል። መጥምቁ ዮሐንስ ወደ እርሱ የመጡትን ሰዎች ለንስሐ የሚገባ ፍሬ እንዲያፈሩ ነው ያዘዛቸው። ለአንድ ከሰዓት በኋላ የተሸከመው ድንጋይ የፍሬው መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬው ግን ገና አልታየም። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ እምቢ ብለው ከመዝጋት ይልቅ የሚከተለውን ይጠይቁ፤ ባለቤትዎ የንስሐ አባት ይዟል ወይ? እጁን ያነሣ የነበረው ጠጥቶ ከሆነ መጠጡን ትቷል ወይ? በእነዚህ ወራት ለልጆቹ ቀለብ ሰጥቷል ወይ? ልጆቹን ማየት ሲፈልግ በእናትዎ ቤት፣ ሰው ባለበት እየመጣ ሊያይ ፈቃደኛ ነው ወይ? «መቼ ትመለሺያለሽ?» ብለው ቀን ለሚያስቆርጡዎት፣ ቀኑን የሚቆርጠው የእርሱ አኗኗር መሆኑን ይንገሯቸው። እጁን ዳግመኛ ቢያነሣ ግን ነገሩ የሽምግልና ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 የተከለከለ ነው፤ ወደ ፖሊስ መሄድዎም «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያሉትን አያፈርስም።

ፍርሃትዎን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በር ሲንኳኳ የሚደነግጠው ሰውነትዎ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት የተማረውን በአንድ ወር አይረሳም። ይህን ለንስሐ አባትዎ ሲናገሩ እንደ ኃጢአት አድርገው አይናገሩት፤ እንደ ቁስል አድርገው ይናገሩት። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ተመልሰው ሲመጡ ከመካከላቸው ካህን ካለ መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊን ከምዕራፍ 26 ጀምሮ እስከ ምዕራፍ 27 የመጀመሪያ ቁጥሮች ድረስ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብላችሁ ይጠይቁት።